ለቤት ልምምድ የሚሆን የጊታር አምፕ፦ ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ጊታር ሳስተምር በየሳምንቱ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበዱት እሄዳለሁ።

አምፕ ሥራው ምንድን ነው? ያለ እሱ መለማመድ አይቻልም?

የሊድ ጊታር (የኤሌክትሪኩ ጊታር) ሆድ ድፍን ነው። እንደ ክራር ወይም እንደ ቦክስ ጊታር ድምፁን የሚያጎላ ባዶ ሳጥን የለውም። ከክሩ ሥር ያለው ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። አምፑ ያንን ያጎላና በስፒከር ያሰማል። ሥራው ይሄው ነው።

ጸጥ ባለ ክፍል ጣት ለማፍታታት ያለ አምፕም ይቻላል። ግን ለወራት እንደዚያ ሲለማመድ የቆየ ተማሪ ሲመጣ ወዲያው አውቀዋለሁ። ድምፁ እንዲሰማው ብሎ ክሩን ይደበድበዋል። ያልተፈለጉት ክሮች ሲንጫጩም አይሰማውም፤ ያለ አምፕ አይሰሙማ። ጊታሩ አምፕ ላይ ሲሰካ ነው ሁሉም የሚወጣው። ለዚህ ነው ትንሽም ብትሆን አምፕ ትኑራችሁ የምለው፤ ቀኝ እጅን የምታስተምረው እሷ ናት።

ያለኝ ቦክስ ጊታር ነው። አምፕ ልግዛ?

አትግዙ። ቦክስ ጊታር የራሱ ሳጥን አለው፤ ለአንድ ክፍል ድምፁ ይተርፋል። ጎኑ ላይ የጃክ ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ቀዳዳው ለመድረክ ነው። ደግሞ የሊድ ጊታር አምፕ የቦክስ ጊታርን ድምፅ ያደበዝዘዋል፤ ለእሱ የተሠራው አምፕ ሌላ ነው። ብሩን ለአዲስ ክር አውሉት፤ ልዩነቱ በዚያው ቀን ይሰማችኋል።

ስንት ዋት ይበቃኛል?

ለአንድ ክፍል ከ3 እስከ 10 ዋት ይበቃችኋል። ሻጭ «20 ይሻላል፣ 50 ይሻላል» ሲላችሁ ቤታችሁን አስቡ። አብዛኞቻችን የምንኖረው 4 በ4 በሆነ ክፍል፣ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር በተያያዘ ግቢ ውስጥ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። የተለመደ የጊታር ስፒከር 1 ዋት ብቻ ሲያገኝ አንድ ሜትር ላይ ለቆመ ሰው 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ያሰማል። የሰዎች ወሬ 60 ዴሲቤል ያህል ነው። ስለዚህ አንዷ ዋት ብቻዋን ቡና ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ወሬ ታቋርጣለች። ዋቱን እጥፍ ስታደርጉት የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮ ይሄንን «ትንሽ ጨመረ» ይለዋል እንጂ እጥፍ ሆነ አይልም። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማችሁ ዋቱ 10 ጊዜ መብለጥ አለበት። የ10 ዋቱን ድምፅ እጥፍ የሚያሰማው 20 ዋት ሳይሆን 100 ዋት ነው ማለት ነው። በመድረክ ስሙ የታወቀው ፌንደር ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት ነው፤ ክብደቱ ወደ 29 ኪሎ ይጠጋል። ግሩም ዕቃ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ቮልዩሙን 1 ላይ ለማድረስም አያስደፍርም።

ከዋቱ ይልቅ የስፒከሩን ስፋት እዩ። የጊታሩ ወፍራም ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። 3 ኢንች ስፒከር ያንን ወፍራም ድምፅ በደንብ አያወጣውም። 6 ኢንች ተኩል ይሻላል። 8 ኢንች ሲሆን ድምፁ አካል ያገኛል። 5 ዋት በ8 ኢንች እና 15 ዋት በ4 ኢንች አጠገብ ለአጠገብ ቢቀርቡልኝ፣ ዓይኔን ሳላሽ የመጀመሪያውን ነው የማነሳው።

ሱቅ ውስጥ ስሞክረው ምኑን ላዳምጥ?

ዝቅ ሲል የሚያወጣውን ድምፅ። ሻጭ ሁሌም ከፍ አድርጎ ነው የሚያሰማችሁ፤ ከፍ ሲል ደግሞ አብዛኛው አምፕ ያምራል። እናንተ ግን ቤት የምትጫወቱት ዝቅ አድርጋችሁ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ቮልዩሙን ዜሮ ላይ መልሱት። ክሩን እየመታችሁ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አንዳንዱ መጀመሪያ ምንም አይልም። ጸጥ። አሁንም ጸጥ። ከዚያ የጸጉር ያህል ስታንቀሳቅሱት ድንገት ጮሆ ይወጣል። እንደዚህ ያለውን ተዉት፤ ማታ ማታ ያሰቃያችኋል። ጥሩው ከጸጥታ ወደ ሹክሹክታ፣ ከሹክሹክታ ወደ ወሬ በዝግታ ይወጣል። እዚያች የሹክሹክታ ልክ ላይ ቁሙና ቀጭኑንም ወፍራሙንም ክር ምቱ። ሁሉም ጥርት ብሎ ከተሰማችሁ ያ የቤት አምፕ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ቀዳዳ ፈልጉ፦ የሄድፎን ቀዳዳ፣ እና ከስልክ ሙዚቃ የሚገባበት ኦክስ። በአንደኛው ሌሊት ትለማመዳላችሁ፤ በሌላኛው ዘፈን ከፍታችሁ አብራችሁ ትጫወታላችሁ። የኢፌክት ብዛት አያታልላችሁ። ብዙ ዓይነት ድምፅ ያለው ዕቃ የገዙ ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ወር የጨረሱት ድምፅ ሲቀያይሩ ነው። ለጀማሪ ንጹሕ ድምፅ፣ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው)፣ ከተገኘ ደግሞ ሪቨርብ (እንደ ማሚቶ የሚያስተጋባው) ይበቃል።

የትኞቹ ሞዴሎች ይመከራሉ? ስንት ብር ልያዝ?

በዚህ መደብ ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሳው ፌንደር ፍሮንትማን 10ጂ፣ ማርሻል ኤምጂ10፣ ቮክስ ፓዝፋይንደር 10 እና ኦሬንጅ ክራሽ 12 ናቸው። ሦስቱ 10 ዋት፣ ኦሬንጁ 12 ዋት ናቸው፤ ስፒከራቸውም 6 ወይም 6 ኢንች ተኩል ነው። ንጹሕ ድምፅ ለሚፈልግ ፌንደሩን ወይም ቮክሱን እመርጥለታለሁ። ሮክ ለሚወድ ኦሬንጁ ደስ ይላል። ፍሮንትማኑ ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ስለሆነ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ስሙን የማታውቁት የቻይና ዕቃ ቢያጋጥማችሁም አትናቁት። ከላይ ያልኩትን የቮልዩም ፈተና ካለፈ ይገዛል።

ብሩን ቁርጥ አድርጌ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ስለሆነ፣ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ ለከርሞ አያገለግልም። የምመክረው ሚዛን ይሄ ነው፦ የአምፑ ዋጋ ከጊታሩ ግማሽ አካባቢ ይሁን፤ ከጊታሩ ግን አይብለጥ። ከዚያ ላይ ለጥሩ ጃክ (ጊታሩን ከአምፑ ለሚያገናኘው ገመድ) የሚሆን ብር አስቀሩ። ርካሽ ጃክ በ2 ወሩ መንኳኳት ይጀምራል፤ ሰው ደግሞ አምፑ የተበላሸ ይመስለዋል።

ቤት ያለው ጂፓስ ወይም የሰርግ ሞንታርቦ ላይ ብሰካውስ?

ጂፓሱ ላይ ቢሰካ ድምፅ ይወጣል፤ ግን ቀጭንና የታፈነ ነው። ምክንያቱ የጊታር ፒክአፕ በጣም ደካማ ምልክት የሚልክ መሆኑ ነው። የጊታር አምፕ መግቢያ ያንን ሳይጫነው ለመቀበል ተብሎ ወደ 1 ሚሊዮን ኦም ይደረጋል። የጂፓስ መግቢያ ግን ለስልክና ለዲቪዲ የተሠራ ስለሆነ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ፒክአፑን ይጫነዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል።

ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ሌላ ችግር አለ። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እየቆረጠ ነው የሚያሰማው። ያ መቆረጡ ነው ዲስቶርሽኑን የሚያለሰልሰው። ጂፓስም ሞንታርቦም ለቀጭን ድምፅ የተሠራ ትንሽ ስፒከር ስላላቸው ሁሉንም ያወጡታል፤ ዝንብ ጆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል። መልቲ ኢፌክት ፔዳል (ብዙ ዓይነት ድምፅ ያለው፣ በእግር የሚረገጥ ዕቃ) ያለው ሰው ግን የስፒከር ማስመሰያውን ከፍቶ ሞንታርቦ ላይ ቢሰካ ጥሩ ድምፅ ያገኛል።

መብራት እየሄደ ነው የሚያስቸግረኝ። በባትሪ የሚሠራ አለ?

አለ። ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ 3 ዋት ነው፣ ስፒከሩ 5 ኢንች። የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባውን ዓይነት 6 የባትሪ ድንጋይ ይወስዳል፤ በጥሩ አልካላይን ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ይሄዳል። ቦስ ካታና ሚኒም 6 ድንጋይ ይወስዳል፤ 7 ዋት ስለሆነ ግን ቶሎ ይጨርሳል፣ ወደ 7 ሰዓት ነው። ብላክስታር ፍላይ 3 ከሁለቱም ያንሳል፣ ስፒከሩ 3 ኢንች ነው። ከሦስቱ ምረጥ ብባል ማይክሮ ኪዩቡን ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሽ ድንጋይ ግን የተባለውን ሰዓት አይሄድም። ቻርጅ የሚደረገውን መግዛት በስተመጨረሻ ይረክሳል።

በመብራት ብቻ የሚሠራ አምፕ ካላችሁ፣ መብራት ሲሄድ ወዲያው ማብሪያውን አጥፉ። መብራት ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ግፊት ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። ትንሽ ደቂቃ ጠብቃችሁ ክፈቱት።

ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ሊያመጣልኝ ነው። እዚህ ይሠራል?

ሳትሰኩ በፊት ጀርባውን አንብቡ። የመጀመሪያ አምፔን ያቃጠልኩት ይሄን ባለማድረጌ ነው። አክስቴ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። የሶኬቱ ጥርስ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሱቅ ሄጄ ክብ ጥርስ ያለው አዳፕተር ገዛሁና ሰካሁት። ቀዩ መብራት በራ። ከዚያ ከልክ በላይ ደመቀ። ውስጡ ጧ አለ፤ ከጀርባው ወንፊት የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ወጣ። ገልብጬ ሳየው ከገመዱ መግቢያ በላይ በትናንሽ ቁጥር ተጽፏል፦ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። የእኛ 220 ቮልት ነው። አንድ ክር ሳልመታበት ሞተ። አክስቴን ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ ሳምንት ሙሉ ስልኳን አላነሳሁም።

ሱቅ የሚሸጠው አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው፤ ቮልቱን አይነካውም። ጀርባው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ አብሽሩ፣ የትም ይሠራል። «120 ቮልት» ብቻ ካለ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የትራንስፎርመሩ አቅም አምፑ ከሚበላው ዋት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። የሚበላው ዋት የሚሰማው ዋት አይደለም፤ እሱም ጀርባው ላይ ለብቻው ይጻፋል።

በባትሪም በቻርጀርም የሚሠሩት ትናንሾቹ ግን ይቀላሉ። ብዙዎቹ ቮልቱ የሚቀየረው ግድግዳው ላይ በሚሰካው ቻርጀር ውስጥ ስለሆነ፣ ቻርጀሩን ብቻ በ220 መቀየር ይበቃል። ሦስት ነገር ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል፦ የሚያወጣው ቮልት፣ የመሃሉ ጫፍ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑ፣ እና አምፔሩ እኩል ወይም በላይ መሆኑ። ዘመዳችሁ ገና አልገዛ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉና እንዲህ ያለውን አስገዙ።

ያገለገለ ብገዛ ይሻላል? የት ላግኝ?

ያገለገለ የጊታር አምፕ በደንብ ከታየ ጥሩ ግዢ ነው። ትራንዚስተር አምፕ በቀላሉ አይሞትም። አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የአልጋ ሲደመር የአምፑን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚሁ ጠይቁ። ባንድ የሚጫወቱ ልጆች፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን የሚሸጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የቴሌግራም የሽያጭ ግሩፖች አሉ። በስልክ ተስማምታችሁ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምታስልኩ ከሆነ፣ ሻጩ አምፑ ተከፍቶ፣ ጊታር ተሰክቶ፣ ሁሉም ቁልፍ ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክላችሁ።

በአካል ስትገዙ የራሳችሁን ጊታርና ጃክ ይዛችሁ ሂዱ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዙሩ። ትንሽ መንኳኳት በአቧራ ነው፤ በስፕሬይ ይጸዳል። ከኮምቦልቻና ከባቲ በኩል የሚመጡ ዕቃዎች ላይ ብዙ አያለሁ። ስፒከሩን በባትሪ መብራት እዩት፤ የተቀደደ ወረቀት ወፍራም ክር ሲመታ ይንጣጣል። 20 ደቂቃ ክፍት አድርጋችሁ ተጫወቱ፤ ሲሞቅ የሚቆራረጥ አምፕ ውስጡ የለቀቀ ብየዳ አለበት። ከጀርባው የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ያንን ሽታ እኔ አልረሳውም።

የምኖረው የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤት ሳልረብሽ እንዴት ልለማመድ?

አምፑን መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ግድግዳም አታስደግፉት። ወለሉና ግድግዳው ወፍራሙን ድምፅ ተሸክመው ጎረቤት ያደርሱታል፤ እናንተ ግን ክፍላችሁ ውስጥ ያን ያህል አይሰማችሁም። ወንበር ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፉና እዚያ ላይ አስቀምጡት፤ ስፒከሩን ወደ ጆሯችሁ አዙሩት። ጆሯችሁ ጋ ሲደርስ ዝቅ አድርጋችሁም ይበቃችኋል። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ወፍራሙንና ቀጭኑን በደንብ አይሰማም፤ ስለዚህ ቤዝና ትሬብሉን ትንሽ ጨምሩ።

ሄድፎን ስትጠቀሙ ባለገመዱን ተጠቀሙ። ብሉቱዝ ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያዘገየዋል፤ ክሩን መታችሁ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ ሪትማችሁ ይጠፋል። የብዙ አምፕ የሄድፎን ቀዳዳ ትልቁ ስለሆነ ትንሽ መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። ቮልዩሙን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ሰኩት እንጂ በተከፈተ አምፕ ላይ ሄድፎን አታድርጉ።

ከዕቃው በላይ ግን ቃል ይሠራል። ጎረቤት ያሉትን እማማን «ከ11 እስከ 12 ሰዓት እለማመዳለሁ፤ ከበዛብዎ ይንገሩኝ» ብሎ አስቀድሞ ማስፈቀድ ግማሹን ችግር ይጨርሰዋል። አዛን ሲሰማ፣ ቅዳሴ ሲሆን ማቆም የግቢያችን ልማድ ነው። ለቅሶ ካለ ጊታሩ ይሰቀላል፤ በሄድፎንም ቢሆን ልብ አይፈቅድም። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የእናንተን አምፕ የሚሰማው የለም፤ የዲስቶርሽን ልምምዴን እኔ ለነሐሴ ነው የማቆየው።

አምፕ ትቼ በስልኬ ብለማመድስ?

ይቻላል። ጊታሩን ከስልኩ ጋር የሚያገናኝ ኢንተርፌስና የአምፕ አፕ ያስፈልጋችኋል። አይፎን ላይ መዘግየቱ አያስቸግርም። አንድሮይድ ላይ እንደ ስልኩ ይለያያል፤ አንዳንዱ ላይ ጨርሶ መጫወት አይቻልም። ስለዚህ ሳትገዙ በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። ከዚህ የሚቀለው ቮክስ አምፕላግ ነው፦ መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ጊታሩ ላይ በቀጥታ የሚሰካ፣ ሄድፎን የሚገባበት። ብር ሲያጥር ይሄ ብቻውን ዓመት ያሻግራል። ግን በሄድፎን ብቻ የለመደ ልጅ ሰው ፊት ሲጫወት ድምፁን መመጠን ይቸግረዋል፤ አየሩን ሞልቶ የሚመጣ ድምፅ ሌላ ነገር ነው።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬን ስጫወት አምፑን እንዴት ላስተካክለው?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የሰፈራችን ስም ናቸው። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ከተማ ናት፤ አምባሰል ሐይቅን አለፍ ሲሉ የሚገኘው አገር ነው። ወሎ ተቀምጠን ጊታራችን እነዚህን አጥርቶ ካላወጣ አምፑ ምን ይሠራል?

ዋናው ነገር የጌይኑ (ዲስቶርሽን የሚያመጣው ቁልፍ) ልክ ነው። ዲስቶርሽን ሁለት ድምፅ አብሮ ሲገባበት ሌላ ሦስተኛ፣ አራተኛ ድምፅ ይፈጥራል። ሁለቱ ድምፆች ራቅ ካሉ የተፈጠረው አብሮ ይስማማል፤ በግማሽ ድምፅ (በአንድ ፍሬት) ከተጠጉ ይፋጫሉ። ትዝታ በሙሉው ሲሆን ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ግማሽ ድምፅ የለበትም። ስለዚህ ጌይን ትንሽ ቢጨመርም ይሸከማል። አምባሰል ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ከሲ ወደ ዲ ፍላት፣ ከጂ ወደ ኤ ፍላት ግማሽ ድምፅ ነው። አንቺ ሆዬም ሲ ከዲ ፍላት፣ ኤፍ ከጂ ፍላት ይነካካሉ። ባቲም በሙሉው ሲሆን ሁለት ግማሽ ድምፅ አለው። እነዚህን በጌይን ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ክር ሳታፍኑ ወደ ቀጣዩ ብትሄዱ የቅኝቱ ስሜት ይጠፋል፤ ጩኸት ብቻ ይቀራል። አምባሰል የሚያምረው ያቺ ግማሽ ድምፅ ጥርት ብላ ስትወጣ ነው።

የእኔ አነሳስ እንዲህ ነው። ንጹሑ ቻናል ላይ አደርጋለሁ። ቤዝ 4፣ ሚድል 6፣ ትሬብል 5። ሪቨርብ ካለ 2 ወይም 3፤ ከዚያ ከበዛ ግማሽ ድምፆቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። የክራር ጣዕም ስፈልግ የብሪጁን (ክሩ የጊታሩ ሆድ ላይ የሚያርፍበትን) ፒክአፕ እመርጥና ከብሪጁ ጠጋ ብዬ እመታለሁ፤ ቤዙን ወደ 2 አወርዳለሁ። ለማሲንቆ ደግሞ የአንገቱን ፒክአፕ አድርጌ የጊታሩን ቶን ዝቅ አደርጋለሁ። ከዚያ ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም በትንሿ ጣት ዘግቼ ክሩን እመታና ቀስ ብዬ እከፍተዋለሁ። የመመታቱ ድምፅ ይጠፋል፤ ክሩ እንደ ተገዘገዘ ሆኖ ከጸጥታ ይወጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ጌይን ይረዳል፤ የሚሰማው አንድ ክር ብቻ ስለሆነ አይፋጭም። ከጸጥታ ቀስ ብሎ የሚከፈት አምፕ ግዙ ስላችሁ የነበረው ለዚህም ጭምር ነው።

አምፑ እምምም እያለ ያጉረመርማል። ተበላሽቶ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ ያንን ከአየር ይለቅማል። ጊታሩን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ፤ በአንድ አቅጣጫ ሲቀንስ ይሰማችኋል። የስልክ ቻርጀር፣ ቴሌቪዥንና ፍሎረሰንት መብራት ካጠገቡ አርቁ። ክሩን ስትነኩ ጉርምርምታው ከቀነሰ የተለመደ ነው፤ ኤርዝ በሌለው ቤት ሁሉ ያጋጥማል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ክሩን ስትነኩ ከነዘራችሁ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉት። ኤሌክትሪሺያን ሳያየው መልሳችሁ አትሰኩት። የኤርዝ ጥርስ ያለውን ሶኬት ደግሞ ጉርምርምታ ለመቀነስ ወይም ማከፋፈያው ውስጥ አልገባ ስላለ ብላችሁ አትቁረጡት። ያ ጥርስ እዚያ የተቀመጠው ለሕይወታችሁ ነው።

የቱዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ሳይሆን በመስታወት ቱቦ የሚያጎላው) ድምፁ ይበልጣል ይላሉ። እሱን ልጠብቅ?

ድምፁ ያምራል፤ እውነት ነው። ግን ጣዕሙ የሚወጣው ሲከፈት ነው፤ ቤት ውስጥ ያንን መክፈት አትችሉም። ቱዩቦቹ እንደ አምፖል ያረጃሉ፤ መለወጫውን በቅርብ ማግኘት ከባድ ነው። ስፒከሩ ተነቅሎ ከተከፈተ ደግሞ ውስጡ ሊቃጠል ይችላል። ለቤት ልምምድ ትራንዚስተሩን ግዙ።

ቤዝ ጊታር ወይም ኪቦርድ ብሰካበትስ?

በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ለመለማመድ ከሆነ ችግር የለውም። ከፍ ካደረጋችሁ ግን ትንሹ ስፒከር የቤዙን ግፊት አይችልም፤ ሲንጣጣ ከሰማችሁ ወዲያው ቀንሱ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ የሊድ ጊታሩ ግማሽ ማለት ነው። በተቃራኒው ግን ይሠራል፤ ሊድ ጊታር የቤዝ አምፕ ላይ ቢሰካ ምንም አይሆንም፣ ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ።

ይሄው የቤት አምፕ ከባንድ ጋር ለመጫወት ይበቃኛል?

ድራም ካለ አይበቃም፤ ይዋጣል። ግን ሌላ ትልቅ አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ማይክ አስቀምጡበት። ትንሿን አምፕ ከጎናችሁ ወንበር ላይ አድርጉ፣ ማይኩን በሚክሰር በኩል ሞንታርቦው ላይ ስደዱት። ሰርግ ላይ እኔ ብዙ ጊዜ የምሠራው እንደዚህ ነው። ማይኩን ከስፒከሩ ጨርቅ ሁለት ጣት ያህል አርቁት። ወደ መሃሉ ስታስጠጉት ድምፁ ይሳላል፤ ወደ ጠርዙ ስታወጡት ይለሰልሳል። ለአምባሰል እኔ ከመሃሉ ትንሽ ወጣ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።